ሳይክሉን ከደጅ አትመልሱ

ወገኖቼ፣ ቅር ቢላችሁም ዛሬ እናገራለሁ። ህንፃ ላላችሁ፣ ህንፃ ለምትነድፉ፣ በየፎቁ ቢሮ ተከራይታችሁ ለምትውሉ። ለራሴም ጭምር፣ ብዙ ዓመት ዝም ብያለሁና።

ባለፈው ሐሙስ ጉዳይ ኖሮኝ ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሳይክል ወጣሁ። ቸርችል ጎዳናን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቴአትር ቤቱ በላይ ዳገቱ ልብ ያፈርሳል፣ ከተማችን ደግሞ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ግን ደረስኩ፣ ያውም ለታክሲ ተሰልፌ ከምቆምበት ባነሰ ጊዜ። ጣጣው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ፊቱ በመስታወት ያሸበረቀ ህንፃ በር ላይ ጥበቃው እጁን ዘረጋ። «ወንድሜ፣ ሳይክል አይገባም።» የት ላቁመው ታዲያ? «እሱን እኔ አላውቅም።» አጥሩ ላይ ልሰረው? «ኧረ ኃላፊው ይቆጣኛል።» እዚያው እያወራን አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ ጥበቃው ሮጦ ሰንሰለቱን አወረደና አስገባው። ሰውየው ብቻውን ነበር። የያዘው ቦታ አሥር ሳይክል ያቆማል።

ማዶ ካለው የመብራት ፖል ላይ አስሬ ገባሁ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስወጣ ኮርቻው የለም። ቤቴ ድረስ ሳልቀመጥ፣ ቆሜ እየነዳሁ ተመለስኩ።

ጥበቃውን አልወቅሰውም። የታዘዘውን ነው ያደረገው። የምወቅሰው እኛን ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከእግረኛ መንገዱ ጎን የሳይክል መንገድ ተነጠፈልን፣ ፎቶ ተነሳንበት፣ አደነቅን። ያ መንገድ ግን ሰውን የት ሊያደርስ ነው? ቢሮ፣ ባንክ፣ ክሊኒክ፣ ገበያ፣ ማለትም ህንፃ። በሩ ላይ ሲደርስ የምትመልሱት ከሆነ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ማለት ነው።

ደግሞ ሳይክል ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። ስንቶቻችን ነን ሰፈር ውስጥ በሰዓት ተከራይተን ጉልበታችንን እየላጥን የለመድነው? ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ከአገራችን የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲወዳደር ያጨበጨብን እኛ ነን። መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ «መንገድ ለሰው» ሲባልም ልጆቻችንን ይዘን እንወጣለን። ሰኞ ጠዋት አንድ ሠራተኛ ሳይክሉን እየገፋ ሲመጣ ግን «ይሄ ሰው መኪና አጣ እንዴ» ብለን በዓይናችን እናሳንሰዋለን። ይሄን ተዉት። ደሞዙን በታክሲ ከመጨረስ በእግሩ ጉልበት የመጣ ሰው ሊከበር ነው የሚገባው።

«ማነው በሳይክል የሚመጣው? ማቆሚያ ብንሰራ ባዶውን ይቀራል» የምትሉኝን ሰምቻለሁ፣ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ማቆሚያ በሌለበት ማን ይምጣ? አንድ ጊዜ ኮርቻው የተሰረቀበት፣ አንድ ጊዜ ካቴናው በክረምት ዝናብ የዛገበት ሰው በሦስተኛው ቀን ሳይክሉን ቤቱ ጥሎት ወደ ታክሲ ሰልፍ ይመለሳል። ከዚያ እናንተ በመስኮት አይታችሁ «ሳይክል ነጂ የለም» ትላላችሁ።

እስቲ ስለ ማቆሚያው እንነጋገር፣ ምክንያቱም «አለን» የሚሉትም ብዙዎቹ የላቸውም። የምታውቁት ነው፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ የፊት ጎማ ብቻ የምትሰካባት የብረት መደርደሪያ። ነፋስ ወይም ሰው ገፋ ካደረገው ሳይክሉ በጎኑ ይወድቃል፣ የፊት ጎማው ተጣብቆ ስለቀረ ቸርኬው ይጣመማል። ሌባም ጎማውን ትቶ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ትክክለኛው ቀላል ነው። የተገለበጠ «ሀ» የመሰለ ነገር አስቡ፤ በቃ ሁለቱ እግሮቹ ሲሚንቶ ውስጥ የተቀበሩ የታጠፈ ወፍራም የብረት ቱቦ ነው፣ ከፍታው 75 ሴንቲሜትር አካባቢ። ሳይክሉ በመላ ጎኑ ይደገፍበታል፣ ዋናው ብረትም ጎማውም አብሮ ይታሰራል፣ ግራና ቀኝ ሁለት ይቆምበታል። በቱቦዎቹ መሃል አንድ ሜትር ከተውክ 2.5 በ5 ሜትር በሆነች አንዲት የመኪና ቦታ አምስት ቱቦ ይተከላል፣ አሥር ሳይክል ማለት ነው። የሰፈር በያጅ የሚሰራው ሥራ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የለበትም።

ቦታውም ለውጥ አለው። ከህንፃው ጓሮ፣ ከጄኔሬተሩ ጀርባ፣ ቆሻሻ ከሚጠራቀምበት ጎን ካደረጋችሁት ማንም አያቆምበትም፣ ሌባ ብቻ ይደሰትበታል። እንግዳው ለግማሽ ሰዓት የሚያቆምበት ከዋናው በር አጠገብ፣ ጥበቃው ከተቀመጠበት ሆኖ የሚያየው ይሁን። ሙሉ ቀን ለሚውለው ሠራተኛ ደግሞ ጣሪያና መብራት ያለው፣ የሚዘጋ ቦታ ይዘጋጅለት። ሐምሌና ነሐሴን እናውቃቸዋለን።

አንዴ ካዛንቺስ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ዶፍ ሲወርድ «ና ልጄ፣ አምጣው» ብለው ሳይክሌን ከጥበቃ ቤታቸው ጀርባ አስገብተው ላስቲክ አልብሰው ጠበቁልኝ። ማንም አላዘዛቸውም። በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ እያፈሩ «ተቆጡኝ ልጄ» አሉኝ። የሰው ደግነት በጥበቃ ቤት ጀርባ ተደብቆ እንዲሰራ የምናደርገው ደንብ ስለሌለን ነው፤ ለዚህ ነው የከተማ ስታንዳርድ ይውጣ የምለው፣ ለሽማግሌው መመኪያ እንዲሆን።

ስታንዳርድ ሲባል ከባድ ነገር አይምሰላችሁ። ህንፃ ሲሰራ ለመኪና ስንት ቦታ እንደሚተው የሚጠየቅ ነገር ነው፣ ምድር ቤቱን ሱቅ አድርገው ያከራዩ ባለቤቶች «መልሱ» ሲባሉም አይተናል። ከዚያው ላይ ለሳይክል ስንት ተብሎ ይጨመር። ሊድ የሚባለው የአሜሪካኖቹ የአረንጓዴ ህንፃ መለኪያ በአራተኛው እትሙ ለዚህ ነጥብ የሚሰጠው ህንፃው ውስጥ ለሚውሉት ሰዎች 5 በመቶ፣ እንግዳ በሚበዛበት ሰዓት ለሚኖሩት እንግዶች ደግሞ 2.5 በመቶ የሚሆን የሳይክል ቦታ ሲኖር ነው። ለመጀመሪያዎቹ 100 ሰዎች አንድ ሻወር፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 150 አንድ ተጨማሪ። የእኛ ቁጥር የእኛ ይሁን፣ ከዚህ ያነሰም ቢሆን እንጀምር። ዋናው ነገር፣ የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ ፕላኑ ላይ ይታይ፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲሰጥ ደግሞ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያይ ሰው ይኑር።

ሻወር ስል የምትስቁ አላችሁ። ሳቁ ግን ልክ አይደለም። ቸርችልን ወጥታችሁ እዩት። ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተጣብቆ ስብሰባ አትገባም። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን በእግሬ ይዤ፣ በሃይላንድ ውሃ ብብቴን ታጥቤ፣ ሸሚዝ ቀይሬ አውቃለሁ። ወንድ ስለሆንኩ ነው ይሄም የተቻለኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከሣር ቤት ሜክሲኮ በሳይክል መምጣት ጀምራ በሁለት ሳምንት ተወችው፤ ልብስ የምትቀይርበት፣ ቦርሳዋን የምትቆልፍበት ቦታ አጣች። ጎበዝ ነጂ ነበረች። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ውሃ በፈረቃ ሲጠፋ የሚያገለግል ሮቶ፣ ጥቂት ሎከር፣ ከውስጥ የሚዘጋ በር። አርክቴክቶች፣ እናንተ ይሄን በእርሳስ አንድ ደቂቃ ውስጥ ትስሉታላችሁ። ባለቤቱ ስላልጠየቀኝ አትበሉ፣ የተማራችሁት ልትነግሩት ነው።

ዴሊቨሪ የሚያደርሱልንን ልጆችም አትርሱ። ምሳችንን ይዘው መጥተው በር ላይ ይቆማሉ፣ ሳይክላቸውን ትተው እንዳይገቡ ይፈራሉ፣ ይዘው እንዳይገቡ ይከለከላሉ፣ እኛ ደግሞ ስልክ አንስተን «ለምን አትወጣም?» ብለን እንቆጣቸዋለን።

እኛም ሳይክል ነጂዎቹ ጥፋት አለብን። በአካል ጉዳተኞች መወጣጫ ላይ፣ በደረጃ መደገፊያ ላይ አንሰር። ዊልቸር የሚገፋ ሰው መንገድ ዘግተን ስለ መብታችን ማውራት ነውር ነው። ቦታ ስንጠይቅም በግልምጫና በጭቅጭቅ አይሁን፣ ኃላፊውን ጠይቀን፣ ደብዳቤ ጽፈን፣ ተከራዮቹን አስተባብረን ይሁን። አንድ ተከራይ ሲጠይቅ ችላ ይባላል፣ ስድስት ቢሮ አብሮ ሲፈርም ባለቤቱ ይሰማል።

ባለ ህንፃዎች፣ ነገ ጠዋት ሜትር ይዛችሁ ወደ ምድር ቤታችሁ ውረዱ። አሮጌ ወንበርና የተረፈ ሴራሚክ የተከመረበት ጥግ አይጠፋም። ለኩት። 2.5 በ5 ከሆነ በያጅ ጥሩ፣ ጥበቃውንም ጠርታችሁ «ከዛሬ ጀምሮ ሳይክል ይገባል» በሉት።