የግብር ከፋዩ ጠበቆች ሆይ፣ ክበሩልን

እስኪ ዛሬ እንኳን ሰው እናመስግን፣ ሁሌ መሳደብ ብቻ ነው የሚቀናን። አሜሪካ ውስጥ የሪፐብሊካኑን ጎራ ይዘው በራዲዮ በቲቪ በጋዜጣ የሚተነትኑትን ሰዎች ማለቴ ነው፣ በተለይ የስቴት ፖለቲካና የመንግስት ሰራተኛ ዩኒየን (የሰራተኛ ማህበር) ሲነሳ ድምፃቸው የሚወፍረውን። ኡበር የምትነዱ ታውቋቸዋላችሁ። ጠዋት ይጀምሩና እስከ ማታ ግብር ከፋዩ ግብር ከፋዩ ሲሉ ይውላሉ፣ አስተማሪዋና በረዶ ጠራጊው ግን ግብር ከፋይ ውስጥ አይቆጠሩም፣ በየወሩ ከደሞዛቸው የሚቆረጠው ምን እንደሆነ እንግዲህ እግዜር ይወቀው።

እኔ የማደንቅላቸው መርሃቸውን ነው። እንደነሱ መርህ የተመቸ መርህ አላየሁም፣ ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ አይቶ ራሱን በራሱ ያስተካክላል።

ዊስኮንሲንን እንውሰድ፣ የዚህ ነገር ዩኒቨርሲቲ እሷ ናት። የመንግስት ሰራተኛ በዩኒየን እንዲደራደር በህግ በመፍቀድ ከስቴቶች ሁሉ የመጀመሪያዋ ነች፣ በ1959። እና በ2011 ስኮት ዎከር የሚባል አዲስ ገቨርነር ገና ወንበሩን ሳያሞቅ አክት 10 የተባለውን ህግ ይዞ መጣ። ሰራተኛው ከደሞዙ 5.8 በመቶ ገደማ ለጡረታው ያዋጣ፣ ከጤና ኢንሹራንሱም ቢያንስ 12.6 በመቶውን ይክፈል፣ ዩኒየኑ ደግሞ ከመነሻ ደሞዝ ሌላ ምንም ነገር ላይ አይደራደር፣ እሱም ከዋጋ ግሽበቱ አይለፍ፣ የአባልነት መዋጮም ከፔይሮል ላይ መቆረጡ ይቅር። ምክንያቱ ምንድነው? በጀት! ካዝናው ባዶ ነው! ተንታኞቻችንም በአንድ አፍ ዘመሩ፣ ይሄ ፖለቲካ አይደለም ሂሳብ ነው አሉ።

ሂሳቡ ላይ ፖሊስና እሳት አደጋ የሉበትም እንጂ። ህጉ እነሱን አይነካም። የአስተማሪ ዩኒየን ካዝና ያራቁታል፣ የፖሊስ ዩኒየን ግን አያራቁትም፣ የፖሊስ ጡረታ ምናልባት ከሰማይ እንደ መና ነው የሚወርደው። የሚልዋኪ ከተማ ፖሊስና እሳት አደጋ ዩኒየኖች በ2010ሩ ምርጫ ዎከርን ደግፈው ነበር እያሉ የሚያነሱ ምቀኞች አሉ፣ እኔ በጭራሽ አላነሳም፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሚያናድደው የእሳት አደጋ ሰራተኞቹ ውለታ ቢስነት ነው፣ እናንተን አልነካንም እየተባሉ ባግፓይፓቸውን እየነፉ በስቴቱ ዋና ከተማ በማዲሰን ካፒቶል (የምክር ቤቱ ህንፃ) ውስጥ ገብተው ከአስተማሪዎቹ ጋር ተሰለፉ። ሰው እንዴት ያልነካውን ነገር ይቃወማል?

የኦሃዮው ጆን ኬሲክ ደግሞ የዋህ ነበር። እዛው አመት ተመሳሳይ ህግ ሲያወጣ ፖሊሱንም እሳት አደጋውንም አንድ ላይ ጠቀለላቸው፣ መርሁን እውነት ብሎ ይዞት እኮ ነው ምስኪን! በህዳር ህዝቡ በሪፈረንደም 61 በመቶ ገደማ ሆኖ ሰረዘለት። ከዛ በኋላ ተንታኝ ሁሉ ትምህርት ወስዷል፣ መርህ ሲኖርህ ሙሉውን አትጠቀምበትም፣ ግማሹን የፖሊስ ቀበቶ ላለው ሰው ታስቀምጣለህ።

(በነገራችን ላይ ዊስኮንሲንም ቢሆን ቀበቶ ያለው ሁሉ አልተረፈም፣ ካፒቶሉን ራሱን የሚጠብቁት ፖሊሶችና የዩኒቨርሲቲው ፖሊሶች ከህዝብ ደህንነት ጎራ ውጪ ነው የተመደቡት። በ2024 መጨረሻ አንድ የዴን ካውንቲ ዳኛ ይሄ ሰራተኛውን በሁለት ጎራ መመደብ ምን አይነት ምክንያት አለው ብሎ አብዛኛውን ህግ ሰረዘው፣ ወዲያው ይግባኝ ተባለበት። እና ዳኛው ምን ተባለ? አክቲቪስት። እነሱን ደስ የሚያሰኝ የሚፈርድ ዳኛ ህገ መንግስቱን ያነባል፣ ሌላው አክቲቪስት ነው።)

አሁን ወደ ሂሳቡ። የዊስኮንሲን ሴኔት 33 መቀመጫ አለው፣ የገንዘብ ህግ ለማፅደቅ 20 ሰው መገኘት አለበት፣ ሪፐብሊካኖቹ 19 ናቸው። 14ቱ ዴሞክራቶች ተነስተው ኢሊኖይ ገቡ፣ ሶስት ሳምንት ገደማ እዛው። ተንታኞቻችን ስራ ጥሎ መጥፋት ነው፣ ፈሪዎች፣ ደሞዛቸው ይቆረጥ ብለው ጮሁ፣ እኔም ተስማምቼ ነበር። በ2023 የኦሪገን ሪፐብሊካን ሴናተሮች ስድስት ሳምንት ሙሉ ከምክር ቤት ሲቀሩ ግን ስሙ ተቀየረ፣ የህሊና ተቃውሞ ሆነ። ልዩነቱ ግልፅ ነው፣ ኢሊኖይና ኦሪገን የተለያየ የአየር ንብረት ነው ያላቸው።

እሺ 20 ሰው ካልሞላ ምን ይደረግ? እዚህ ጋ ነው ቆብ የሚወለቅላቸው። የዩኒየን መሪዎቹ ቀድመው የጡረታውንም የኢንሹራንሱንም ገንዘብ እንከፍላለን፣ የመደራደር መብታችንን ብቻ ተዉልን ብለው ነበር። ማለትም በጀት ነው ጉዳዩ ከተባለ በጀቱ ተገኝቷል። የለም ተባሉ። ከዛ መጋቢት ላይ የ20 ሰው ኮረሙን የሚጠይቀውን ገንዘብ የመመደብ ነገር ከህጉ አውጥተው የቀረውን 18 ለ1 አፀደቁት። አያችሁልኝ? የበጀት ህግ ውስጥ በጀቱን አውጥቶ ህጉን ማሳለፍ! እንዲህ አይነት ሂሳብ ስንት ማትስ አስተማሪ ይችላል፣ ዝም ብለን ነው አስተማሪዎቹን የምናዝንላቸው። ተንታኞቹም በነጋታው ቅር አላላቸውም፣ ሂሳብ ነው ያሉበትን አፍ ጠረግ አድርገው ነፃነት ነው አሉበት።

እኔ ግን ከሁሉም የምወድላቸው የአመታዊውን ምርጫ ነገር ነው። አክት 10 እንደሚለው ዩኒየኑ በየአመቱ እንደገና ድምፅ ይሰጥበታል፣ ለመቀጠል ደግሞ ከመረጠው ሰው ሳይሆን ከጠቅላላው ሰራተኛ 51 በመቶ ማግኘት አለበት። ያልመጣ፣ የታመመ፣ የረሳ፣ ወሊድ ላይ ያለች፣ ሁሉም እምቢ እንዳለ ይቆጠራል። ይሄ ነው ዴሞክራሲ ተብሎ ተደነቀ፣ ተፃፈ፣ ተጨበጨበ። እኔም ተመስጬ ይሄን ሚዛን ራሱ ዎከር ላይ ባስቀምጠውስ አልኩ፣ በክፋት አይደለም፣ በአድናቆት ነው። በ2010 መምረጥ ከሚችለው የዊስኮንሲን ሰው ግማሽ ገደማው ነው የወጣው፣ ከወጣው ውስጥ 52 በመቶው ነው ዎከርን የመረጠው። በዩኒየኑ ህግ ከሄድን አንድ አራተኛ አካባቢ አገኘ ማለት ነው፣ ስለዚህ ገቨርነር የለም፣ ቢሮው ይዘጋ፣ ቁልፉን ያስረክብ። እሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከተንታኞቻችን ተወዳጆች ውስጥ ይሄን ፈተና የሚያልፍ ካለ ስሙን ላኩልኝ። ለአራት አመት ስቴት ለሚገዛው ሰው ሩብ ይበቃዋል፣ የትምህርት ቤት ፅዳት ሰራተኛ ስለደሞዙ የሚናገርለት ሰው እንዲኖረው ግን በየአመቱ ከግማሽ በላይ ያምጣ። የኃላፊነቱ ክብደት ነው መሰለኝ፣ መጥረጊያ ከባድ ነው።

ክርክሩ ጭራሽ ባዶ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የመንግስት ዩኒየን ከጠረጴዛው ማዶ የሚያስቀምጠውን ሰው ራሱ በምርጫ ያስመርጣል፣ ከዛ ከሱ ጋር ይደራደራል የሚለው ነጥብ እውነት አለው፣ ዴሞክራቱ ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ራሱ በ1937 የኅብረት ድርድር ለመንግስት ስራ እንዳለ አይሆንም ብሎ ደብዳቤ ፅፏል፣ ተንታኞቻችን እቺን ደብዳቤ እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ አስረዋት ነው የሚዞሩት። ሩዝቬልት ሌላ ነገር ፅፎ እንደሆን አልሰሙም። የሪፐብሊካኑ ፕሬዝዳንት ሬገን ድሮ የተዋናዮች ዩኒየን ፕሬዝዳንት እንደነበርም፣ በ1980 የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎቹ ዩኒየን እንደደገፈውና በአመቱ ስራ ሲያቆሙ ከ11 ሺህ በላይ ሰው እንዳባረረም ያውቃሉ፣ ይሄኛው እንደውም ለሌላው ዩኒየን ጥሩ ምክር ይሆን ነበር፣ ፖሊሶች እያዳመጣችሁ? አገር ቤት ደግሞ የመንግስት መስሪያ ቤት ሰራተኛ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ እንኳን አይሸፈንም፣ የሚደራደርለት ዩኒየን የለውም፣ በነሱ ስሌት እንግዲህ የኛ ካዝና ሞልቶ አራት ኪሎ ድረስ መፍሰስ ነበረበት።

ስለ ህዝብ ድምፅ ያላቸው ፍቅርም ይወራ። የሚልዋኪ ነዋሪ በ2008 ሰራተኛ ሲታመም የሚከፈልበት እረፍት ይኑረው ብሎ 70 በመቶ ሊሞላ ምንም ሳይቀረው ድምፅ ሰጠ፣ በ2011 ከማዲሰን በወጣ ህግ ተሻረ። ውሳኔ ለህዝቡ ቅርብ ይሁን፣ ዋሽንግተን አይዘዘን የሚሉት ሰዎች ናቸው ያጨበጨቡት፣ ለካ ቅርብ ማለት እስከ ማዲሰን ነው። በ2012 ዎከርን ጊዜው ሳያልቅ በድምፅ ለማውረድ ሪኮል የሚባለው ምርጫ ሲጠራ ደግሞ በፖሊሲ አለመስማማት ሪኮል አይጠራም፣ ምርጫ ምርጫ ነው ተባለ፣ ዎከርም 53 በመቶ አግኝቶ ቀጠለ። በ2021 ካሊፎርኒያ ላይ ዴሞክራቱን ገቨርነር ኒውሰምን ለማውረድ ሪኮል ሲጠራ ያ ሁሉ ምክር ወዴት እንደሄደ አላውቅም፣ ዕረፍት ወጥቶ ይሆናል። በ2018 ዎከር በቶኒ ኤቨርስ ተሸነፈ፣ ለዛውም አስተማሪ የነበረ ሰው፣ ሊወጣ ሳምንታት ሲቀሩት የሚመጣውን ገቨርነር ስልጣን የሚቆራርጥ ህግ ፈረመ። ምርጫ ውጤት አለው የሚሉን እነሱ አይደሉ? አለው፣ ውጤቱ ይሄ ነው።

ገንዘቡን ረስቼው። የዩኒየን ገንዘብ ምርጫን ያበላሻል፣ የዩኒየን አለቆች ዳኝነት ይገዛሉ ሲባል ከሰማሁ አስር አመት አልፎኛል፣ አስተማሪዋ በየወሩ የምታዋጣትን ነገር ነው እኮ የሚሉት። በ2025 ለዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የዳኛ ወንበር ምርጫ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ፈሰሰ። በእርግጥ የዴሞክራቶቹም ቢሊየነሮች አልተኙም። ኢለን መስክ ግን ግሪን ቤይ ድረስ መጥቶ የቺዝ ቅርፅ ያለው ኮፍያ ራሱ ላይ ደፍቶ ለሁለት መራጮች ለእያንዳንዳቸው የ1 ሚሊዮን ዶላር ቼክ ሰጠ፣ ቼኩ ቁመቱ ሰው ያክላል። ተንታኞቻችን ያንን ሲያዩ ትንፍሽ አላሉም፣ ሀሳብን የመግለፅ ነፃነት ነው፣ ሀሳቡ ትንሽ ትልቅ ስለሆነ ነው በቦርድ የታተመው።

ኤፕሪል 1 ቀን ድምፅ ተሰጠ፣ መስክ የደገፈው ዳኛ በ10 ነጥብ ገደማ ተሸነፈ። በዛችው ቀን፣ በዛችው ወረቀት ላይ፣ መራጭ መታወቂያ ያሳይ የሚለው የህገ መንግስት ማሻሻያ ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ አግኝቶ አለፈ። አንድ ሰው ነው፣ አንድ እስክሪብቶ ነው፣ ላይ ላዩን አንዷን ክብ አጥቁሮ ወረድ ብሎ ሌላዋን ያጠቆረ። ማግስቱን ራዲዮኑን ስትከፍቱት ወረቀቱ ታች የጠቆረችው ክብ የንቁና የታረመ ህዝብ ድምፅ ነበረች፣ ላይኛዋን ያጠቆራት ግን ዩኒየን ነው።