ሜዠረብል ፈንክሽንን ከብር ቆጠራ እንጀምረው

ሐሙስ ማታ፣ ገበያው ሲበተን፣ እናቴ ጅማ መርካቶ ካለችው ሱቃችን ቁጭ ብላ የቀኑን ብር ትዘረግፈዋለች። እንደገባላት ተራ በተራ አትደምረውም። ባለ 200ውን ለብቻ፣ ባለ 100ውን ለብቻ፣ ባለ 50ውን ለብቻ ትከምራለች፤ ከዚያ እያንዳንዱን ክምር ቆጥራ ታባዛለች። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ለቤግ እ.ኤ.አ. በ1902 በዶክትሬት ሥራው ያቀረበው ኢንቴግራልም (የፈንክሽን ዋጋዎች ጠቅላላ ድምር ማለት ነው) በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። እሱ ራሱ ሲያስረዳው ከኪስ ወጥቶ በሚቆጠር ገንዘብ ነበር።

ይህ ኢንቴግራል የሚሠራላቸውን ፈንክሽኖች ሜዠረብል እንላቸዋለን። ካምፓስ ሳለን ግን የተሰጠን ትርጉማቸው ይህ ነው፦ የትኛውንም ቁጥር "ሀ" ብትወስድ፣ ፈንክሽኑ ከ"ሀ" የሚበልጥባቸው ነጥቦች ስብስብ የሚለካ (ማለትም እንደ ርዝመት ያለ ልኬት ሊሰጠው የሚችል) ከሆነ ፈንክሽኑ ሜዠረብል ነው። ቀዳን፣ ሸመደድን፣ ተፈተንን። ለምን "የሚበልጥ" እንደተባለ ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም። ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ከ3 የሚበልጠውን ያዝና ከ4 የሚበልጠውን ቀንስለት፤ የሚተርፍህ አንድ ክምር ነው። ክምሩ ካልተለካ ደግሞ የሚባዛ ነገር የለም።

ስለዚህ እኔ በሌላኛው ትርጉም ብንጀምር ባይ ነኝ። ጥቂት ዋጋዎችን ብቻ የሚይዝና ክምሮቹ የሚለኩ ፈንክሽን ሲምፕል ይባላል። ሜዠረብል የምንለው እንግዲህ የሲምፕል ፈንክሽኖች ሊሚት የሆነውን ነው፣ ማለትም ሲምፕሎቹ ነጥብ በነጥብ እየተጠጉ የሚሄዱበትን። ዋጋው 3.7 የሆነበትን ነጥብ እንይ። በግማሽ ወደ ታች ስናጠጋጋው 3.5፣ በሩብም 3.5፣ በስምንተኛ 3.625፣ በአሥራ ስድስተኛ 3.6875። ተማሪው ሲጠጋ በዓይኑ ያየዋል።

ሦስተኛ ትርጉምም አለ። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ሉዚን በ1912 እንዳሳየው፣ በውስን ክፍተት ላይ ያለ ሜዠረብል ፈንክሽን፣ የፈለግነውን ያህል ትንሽ ልኬት ያለው ቦታ ብናወጣለት በቀረው ላይ ኮንቲንዩየስ (ድንገት የማይዘል) ይሆናል። ተገላቢጦሹም ይሠራል። ቡርባኪ በሚል የጋራ ስም የጻፉት ፈረንሳውያን የሒሳብ ሊቃውንት ትርጉሙን ከዚህ ተነስተው ነው የሰጡት።

"ሁሉም አንድ ከሆነ ምን ለውጥ አለው?" የሚለኝ አይጠፋም። ዋጋው ተራ ቁጥር እስከሆነ ድረስ እውነት ነው፣ አንድ ናቸው። ዋጋው በጣም ሰፊ በሆነ የባናክ ስፔስ (ርዝመት ያላቸው ቬክተሮች ስብስብ) ውስጥ ሲሆን ግን ይለያያሉ፣ ለእንዲህ ያሉ ዋጋዎች የተሠራው የቦክነር ኢንቴግራልም የሚቆመው በሊሚቱ ትርጉም ላይ ነው። "ከሀ የሚበልጥ" የሚለው ለማረጋገጫ በጣም ይመቻል፣ አልክድም። ይምጣ፣ ግን በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ። በመጀመሪያው ተማሪዎቹ ብር ይከምሩ።