ጉድጓዱ የሚስበው ውኃ ከማን ላይ ይቀነሳል?

በጅማ ዙሪያ ስላለው የከርሰ ምድር ውኃና እሱን ስለሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴል የቀረበው ጽሑፍ፣ በዓመት የሚወጣው የከርሰ ምድር ውኃ በዝናብ ከሚተካው እስካነሰ ድረስ ጉድጓዶች ወንዞችን አይጎዱም ማለቱ፣ ጸሐፊውን ከማክበር ጋር፣ አላሳመነኝም። አሜሪካዊው የከርሰ ምድር ውኃ ተመራማሪ ቻርለስ ታይስ በ1940 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ከጉድጓድ የሚሳበው ውኃ መጀመሪያ በአለቱ ውስጥ ከተጠራቀመው የሚቀነስ ሲሆን፣ ውሎ አድሮ ግን ወደ ምንጭ፣ ወደ ረግረግና ወደ ወንዝ ይወጣ ከነበረው ላይ ወይም ወደ መሬት ውስጥ በሚሰርግ ተጨማሪ ውኃ ይካካሳል፤ ስለዚህ ሞዴሉ ሊመልሰው የሚገባው «ምን ያህል ይተካል?» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «ከማን ላይ፣ መቼ ይቀነሳል?» የሚለውን ጭምር ነው። ሞድፍሎውን (የከርሰ ምድር ውኃን እንቅስቃሴ የሚያሰላ ፕሮግራም) የመሰለ ሶፍትዌር አካባቢውን በትናንሽ ሴሎች ከፋፍሎ ይህንኑ ያሰላል። ሆኖም በጅማ ዙሪያ ውኃው በአብዛኛው የሚጓዘው በተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ በመሆኑና ሁለት አጎራባች ጉድጓዶች እንኳ በጣም ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ በጥቂት የፓምፕ ሙከራዎች (ውኃ እየሳቡ የጉድጓዱን ምላሽ በመለካት) ላይ የቆመ ስሌት በጅማ አጠገብ ያለውን የቦዬን ረግረግ ዕጣ ሊወስን አይገባም። እኛ ግቢ ባለው የእጅ ጉድጓድ፣ ገመዱን በየክንዱ ቋጥሬ የውኃውን ከፍታ በየወሩ እመዘግባለሁ፤ የካቲት ላይ ከመስከረሙ አራት ቋጠሮ ያህል ይወርዳል (ዘንድሮማ ባልዲው ጭቃ ይዞ ወጣ)። ጸሐፊው ሞዴሉ ከየትኞቹ የምልከታ ጉድጓዶች (የውኃ ከፍታ ከሚለካባቸው) ጋር፣ ለስንት ዓመት በተወሰደ ልኬት እንደተመሳከረ ቢገልጹልን መልካም ነው።