ጀርባ ላይ የምትታዘለው እንጨት

እዚህ አሜሪካ የአፍሪካ ቅርጻ ቅርጽ ከሚሰበስብ ሰው ቤት ከገባችሁ አንዲት ጥቁር የእንጨት አሻንጉሊት አትጠፋም። ጭንቅላቷ እንደ ምጣድ ክብና ጠፍጣፋ ነው። ግንባሯ ሰፊ፣ አፏ ሚጢጢ፣ እጆቿ ወደ ጎን የተዘረጉ፣ እግር የላትም። አንገቷ ላይ እጥፋት እጥፋት አለ፤ የወፈረ ጤነኛ ሕፃን ምልክት ነው።

አኩዋባ ትባላለች። ጋና ውስጥ የሚኖሩት የአካን ሕዝቦች፣ በተለይ አሻንቲ የሚባሉት፣ ናቸው የሚቀርጿት። እንደ አፈ ታሪኩ አኩዋ የምትባል ሴት ወልዳ መሳም አቅቷት አዋቂ ዘንድ ትሄዳለች። ልጅ ከእንጨት አስቀርጸሽ እንደ ራስሽ ልጅ ያዣት ይላታል። አዘለቻት፣ አጠበቻት፣ ጨሌ አሰረችላት። የሰፈሩ ሰው "የአኩዋን ልጅ እዩልኝ!" እያለ ሳቀባት። በኋላ ወለደች፣ ያውም ሴት። ከዚያማ ሌሎቹም መካን የተባሉ ሴቶች እየተከተሏት ያስቀርጹ ጀመር።

ሴት መሆኗ ያለ ነገር አይደለም። አካኖች ዘር የሚቆጥሩት በእናት በኩል ስለሆነ ሴት ካልተወለደች የእናትየው ቤት ይቋረጣል። "ወንድ ነው?" ሲባል ሰምተን ላደግነው ይህ ትንሽ ይገርማል። ልጅ ከመጣ በኋላ አሻንጉሊቷ ወይ ወደ አዋቂው ቤት ትመለሳለች፣ ወይ የሕፃኗ መጫወቻ ትሆናለች። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምና የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ግን መስታወት ውስጥ አስቀምጠዋታል። ማን አዝሏት እንደነበር የሚነግራችሁ የለም።

እኔን የሚገርመኝ አደባባይ መውጣቷ ነው። ልጅ ያጣች ሴት ጭንቀቷን አዝላ፣ እየተሳቀባት፣ ገበያ ትሄዳለች። ሸክሙ የወደቀው እዚያም ሴቲቱ ላይ ብቻ መሆኑን አልክድም፤ ለባልየው ማንም ምንም አልቀረጸለትም።

እኛ አገር ግን ነገሩ በሹክሹክታ ነው። ቁልቢ ገብርኤል ትሳላለች፤ ስለቷ ከሰመረ ታኅሣሥ 19 ልጇን አቅፋ ስትመጣ እልልታው ይቀልጣል። እስከዚያ ድረስ ያለውን ጊዜ ግን ብቻዋን ነው የምትገፋው፣ አማትየው በሽሙጥ፣ ጎረቤት በ"ምነው ዘገያችሁ?" እየወጋት። ባልየው ይመርመር የሚል ሰው ደግሞ እንጃ።

ውጭ አገር መጥተንም ብዙ አልተሻሻልንም። በአይቪኤፍ፣ ማለትም ጽንሱ ላቦራቶሪ ውስጥ በሚጀመርበት ሕክምና፣ ለመውለድ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያፈሱ ጥንዶች ለገዛ እናታቸው እንኳ አይተነፍሱም። ሰንበቴ ላይ ስንገናኝ ደግሞ ቡናችንን እየጠጣን "ኧረ እንግዲህ ፍሬ አሳዩን!" እንላቸዋለን፣ የተጫወትን መስሎን።