ያልተሾሙ አማካሪዎች

ማይክሮዌቭ ገዛሁ። ሌላ ወንጀል የለብኝም። ማታ ደክሞኝ ስገባ የምሳዬን ሽሮ ላሙቅበት ብዬ ነው። ፖስታ ቤት ሰፈር ካርቶኑን ታቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ሞተሩን ሳያስነሳ፣ «ጋሼ፣ እሱ ነገር እኮ ጨረር አለው» አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ወዲያው ተቀበሉት። «የእህቴ ጎረቤት በእሱ የሞቀ እየበላች ፀጉሯ ረገፈ!» ከወዲያ በኩል ያለው ወጣት ስለ ጨረሩ ግድ የለውም። «በስንት ገዛኸው?» አለ። ነገርኩት። «ተበልተሃል» አለኝ፤ ደስ ብሎት።

ግቢ ስደርስ አከራዬ እትዬ በረንዳ ላይ ናቸው። «ቆጣሪዬን እንዳታቃጥልብኝ። ደሞ ለአንድ ራስህ ምን ያደርግልሃል? በዚህ ብር ሚስት ብታገባበት!» አሉኝ። ከቆጣሪ ወደ ትዳር በየት በኩል እንደተሻገሩ እስካሁን አልገባኝም።

ጨረርስ አለው። የአዳማ ፀሐይም አላት፤ በግንቦት ፍራንኮ ሰፈር ቆሞ ታክሲ የጠበቀ ያውቃታል። የማይክሮዌቩ ግን የሬዲዮ ሞገድ ዘመድ ነው። ምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ያሞቃል፣ በሩ ሲከፈት ይጠፋል፣ አለቀ። ይህን ማን ያስረዳ? እዚህ አገር መካሪ እንጂ ተመካሪ የለም።

ቢያዳምጡኝ ኖሮ የዕቃውን የዘር ሐረግ እነግራቸው ነበር። ሞገዱን የምታመነጨው ማግኔትሮን የምትባል ክፍል ለወጥ አልተፈጠረችም፤ የጠላት አውሮፕላን ከሩቅ ለሚያየው ለራዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1940፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እንግሊዞች ወደ አሜሪካ ወሰዷት። እሷን ይዞ ራዳር የሚሠራ ላቦራቶሪ ኤም.አይ.ቲ. የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተከፈተ። አለቃ የሆነው ሊ ዱብሪጅ የሚባል የ39 ዓመት ፊዚክስ ተመራማሪ ነው። ላቦራቶሪው እያደገ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ያዘ። የራዳር ሰዎች «አቶሚክ ቦምቡ ጦርነቱን ጨረሰው እንጂ ያሸነፈው ራዳር ነው» እያሉ ይኮሩ ነበር። ማግኔትሮኗ ከጦርነቱ በኋላ ኩሽና ገባች።

ዱብሪጅ ግን ወደ ቤተ ሙከራው አልተመለሰም። በ1946 ካልቴክ የሚባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት አደረጉት። 23 ዓመት መራው። ክፉ አልሠራም። በ1948 የካልቴክ፣ ፓሎማር ተራራ ላይ ያለው ባለ 5 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ ተመረቀ። በ1958 አሜሪካ ያመጠቀቻት የመጀመሪያ ሳተላይት የተሠራችው ካልቴክ በሚያስተዳድረው ላቦራቶሪ ነው። እሺ፣ ተሳክቶለታል። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ሰውየው ብርሃን ከብረት ላይ ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚያወጣ ያጠና ነበር፤ ስሙ ዛሬም ፋውለር ከሚባል ሌላ ተመራማሪ ጋር በአንድ ቀመር ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመኑ በበጀትና በስብሰባ አለቀ።

እዚህ ላይ የቆየ ቂም አለብኝ። አሥረኛ ክፍል ሳለን ፊዚክስ የሚያስተምሩን መምህር ነበሩ። ኤሌክትሪክን በጠመኔና በአንድ ቁራጭ ሽቦ ያስረዱናል፤ የማይገባው ልጅ አልነበረም። ጎበዝ መሆናቸው ታወቀባቸውና ዳይሬክተር ተደረጉ። በእሳቸው ፋንታ የስፖርት መምህሩ መጡ። «ገጽ 40ን ገልብጡ» ብለውን ኳስ ሊነፉ ይወጣሉ። እኛ ስንገለብጥ የድሮው መምህራችን በመስኮቱ በኩል የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ይዘው ከጥበቃው ጋር ሲጨቃጨቁ እናያቸዋለን። ይህ ሹመት ነው? ጎበዝ ሐኪም ሲገኝ ከበሽተኛው ነጥቆ ወንበር ላይ መጎለት፣ ጎበዝ መምህር ሲገኝ ማኅተም ማስያዝ። ደሞዝ ለመጨመር ሰውን ከሙያው ማፈናቀል የግድ የሆነበት ምክንያት እስካሁን አልተነገረኝም። የመብራት ፈተናው ላይ የወደቅነው ግን እኛ ነን።

ወደ ዱብሪጅ ልመለስ። በ1969 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን የሳይንስ አማካሪያቸው አደረጉት። አስቡት፤ ራዳር የመራ፣ ዩኒቨርሲቲ የመራ፣ ከዚያ በፊትም ለመንግሥት ሲመክር የኖረ ሰው። ያኔ ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኛ አውሮፕላን በመንግሥት ገንዘብ ይሠራ አይሠራ የሚል ክርክር ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የባለሙያዎች ቡድን ይቅር አለ። ኒክሰን ይቀጥል አሉ። በ1971 ኮንግረስ በጀቱን ከልክሎ ፕሮጀክቱ ሞተ። ዱብሪጅ ግን በ1970 ሥራውን ለቆ ሄዷል። በ1973 ደግሞ ኒክሰን የሳይንስ ምክር ቢሮውን ራሱን ዘጉት።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ውበቱ ትዕግሥቱ ላይ ነው፤ ሁለቴ ይመክራል፣ ከዚያ እጁን ይሰበስባል። የዛሬ መካሪ ግን እጁን አይሰበስብም። መከራውን ቆሞ ይጠብቃል፤ «ብዬህ ነበር» ለማለት። እትዬ ቆጣሪው እስኪፈነዳ በጉጉት እየጠበቁ ነው ብል አልዋሸሁም።

ሰሞኑን ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ስለ ነፋስ ኃይል ማመንጫችን ይመክር ነበር። «አዳማ ሁለት» የሚባለው ማመንጫ 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋ ዋት ነው። ሰውየው ግን «ዝናቡን የሚበትኑት እነሱ ናቸው፤ ክረምት ክረምት ማጥፋት ነበር» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ረዳቱ ሳይቀር ሒሳብ መቀበሉን ትቶ ነቀነቀ። ኢንጂነሮቹ እስኪሰሙት ይጠብቃል እንጂ ሐሳቡ አልቋል። አንድ የእኔ ቢጤ «ተርባይን ደመና አይነካም» ቢል ከመኪናው ይወርዳል። አልኩ፤ አልወረድኩም፤ ግን መውረጃዬ ድረስ ያነጋገረኝ የለም።

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1976 የሳይንስ ምክር ቢሮውን በሕግ መልሶ አቋቋመው። እኛ ግቢ አዋጅ አያስፈልግም። የእትዬ ቢሮ በረንዳው ነው፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል፣ እሑድም ይሠራል።