በአያቴ ቤት ሁልጊዜ ሰኞ ነው

አያቴ ስሜን ከረሳች ሁለት ዓመት ሆናት። «የማን ልጅ ነህ?» ትለኛለች። የእናቴን ስም ስነግራት «አይ፣ እሷ እኮ ገና ሕፃን ናት» ብላ ትስቅብኛለች። ጠዋት ተነሥታ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ስትቆም ግን «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» ብላ ትጀምርና አንድ ቃል ሳትስት ትዘልቀዋለች። ይህ የውዳሴ ማርያም የሰኞ ክፍል ነው። ጸሎቱ ለሰባቱ ቀናት የተከፋፈለ ቢሆንም እሷ ማክሰኞም ሐሙስም የምትለው የሰኞውን ነው። በፊት በፊት እናርማት ነበር። «እማዬ፣ ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው» ስንላት ትደነግጣለች፣ ጸሎቱ ይቋረጣል፣ ከዚያ ውሎዋ ሁሉ ይበላሻል። አሁን ትተነዋል። በአያቴ ቤት ሁልጊዜ ሰኞ ነው።

እኛ አገር ለዚህ ያለን ቃል «ጃጀች» ነው። ቃሉ ከተነገረ በኋላ የሚጠይቅም የሚመረምርም የለም። ሐኪሞቹ ዲሜንሺያ የሚሉት ይህ የመርሳት ሕመም ግን ተራ እርጅና አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከሕመሙ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትም እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች። በዚያ ላይ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም ወይም ድብርት ያመጣው መርሳት ሊታከም ይችላል። ስለዚህ ፀበል የሚወስድ ይውሰድ፣ ሐኪም ቤቱን ግን አይዝለል።

ታዲያ ስም ሲጠፋ ጸሎት እንዴት ይቀራል? ከመርሳት ሕመሞች በብዛት የሚታየው አልዛይመር ቀድሞ ከሚያጠቃቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው፤ የትናንቱን ወሬ የሚይዝልን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን ላይፕዚግ ያሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ለረጅም ጊዜ የምናውቀውን ዜማ የሚይዙት ክፍሎች በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ከሌሎቹ ያነሰ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ለእኔ ግን አያቴ የተማረችበት መንገድም ብዙ ይነግረኛል። ፊደል አልቆጠረችም። ጸሎቱን የያዘችው ስልሳ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ኪዳን እየቆመች በጆሮዋ ነው። እየሰገደች፣ እያማተበች፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር እየተቀበለች። ቃሉ ምላሷም ጉልበቷም ውስጥ አለ።

ይህ የክርስቲያን ብቻ ነገር አይደለም። ጎረቤታችን የወሎ ሰው ናቸው። ስንት ረከዓ እንደሰገዱ ይጠፋቸዋል፤ ፋቲሓን ግን አይስቷትም። መንዙማ ሲሰሙ እጃቸው በራሱ ጊዜ ማጨብጨብ ይጀምራል።

መዝሙር ያድናል አላልኩም። አያቴ ጸሎቷን ከጨረሰች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቦርሳዬን ሰረቃችሁኝ ብላ ልታለቅስ ትችላለች። ያቺ ግማሽ ሰዓት ግን የእሷ ናት።

ችግሩ እኛ ጋ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የመዝሙር ቻናል ከፍተንላት ሥራችንን መሥራት ለምደን ነበር፤ መንፈሳዊ ሞግዚት ማለት ነው። እሷ የማታውቀው አዲስ መዝሙር በኪቦርድ ታጅቦ ሲጮህ ጆሮዋን ትይዛለች። አጠገቧ ተቀምጦ ዝግ ባለ ድምፅ «አቡነ ዘበሰማያት» ብሎ ጀምሮ ቀሪውን ለእሷ የሚተው ሰው ይበልጥባታል። ሌላው ጥፋታችን ፈተናው ነው፦ «እስቲ እኔ ማን ነኝ? ዛሬ የማን በዓል ነው?» እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰባ ጊዜ ትጠየቃለች፣ ሰባ ጊዜም ትወድቃለች።

ከሁሉም የሚከብደውን ልናገር። ቤተሰባችን ውስጥ እንደ ብዙ ቤተሰብ ኦርቶዶክስም ጴንጤም አለ። አክስቴ ወንጌላዊት ናት። እናቷን ስለምትወድ ከመሞቷ በፊት «ጌታን እንድትቀበል» ትፈልጋለች፤ አያቴም ስትጠየቅ «እሺ» አለች። አያቴ በዚህ ዘመኗ ሁሉንም «እሺ» ነው የምትለው። ሻይ ትጠጪያለሽ? እሺ። እሳት ውስጥ እጅሽን ክተቺ ብትባልም እሺ የምትል ይመስለኛል። ይህን ስጽፍ አንድ ወገን ለመውቀስ አይደለም፤ ኦርቶዶክሱም ልጅ ጴንጤ አባቱን እንዲሁ በመርሳቱ ወቅት ሊመልስ ሲታገል አይቻለሁ። እምነትን ማካፈል የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ትርጉሙ መለወጥ አለበት። ለሚረሳ ሰው የምናካፍለው የራሱን ነው፤ ጤነኛ ሳለ ወዶና አውቆ የያዘውን። የእኛን ጨምረን ከሰጠነው የቀረችውን አንዲት ክፍል እየገባን እየበረበርን ነው።

ባሕር ማዶ ያሉት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ከመርሳት ጋር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው በኋላ የተማሩት ቋንቋ ነው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ በአረጋውያን ማቆያ ያለች እናት እንግሊዝኛዋ ከጠፋ፣ ግዕዙን ስታነበንብ ነርሷ እየቃዠች ነው ብላ ብትመዘግብ አልፈርድባትም። ልጆቿ አንድ ወረቀት ጽፈው በሩ ላይ ቢለጥፉ፦ «ይህ ጸሎት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ትጸልያለች፣ እስክትጨርስ ጠብቋት።» ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም።

የማኅበሯ ሴቶችንም አልረሳም። ከ30 ዓመት በላይ አብረዋት ጽዋ ጠጥተዋል፤ «ከእንግዲህ አታውቀን፣ ምን እንሠራለን?» ብለው ቀሩ። የንስሐ አባቷ ግን በየወሩ ይመጣሉ። ማን እንደሆኑ አታውቅም፤ መስቀሉን ታውቃለች፣ ትሳለማለች፣ «ይፍቱኝ» ትላለች። ለሴቶቹ ይህን ነገርኳቸው። ሁለቱ ባለፈው ወር መጥተው ነበር፤ ወሬ ሳያበዙ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ብለው ጀመሩላት፣ ጨረሰችላቸው። አንደኛዋ ወጥታ በረንዳ ላይ አለቀሰች።

አክስቴ አሁንም ከእኔ ጋር አትስማማም። እሑድ እሑድ ግን መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ትመጣና «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም» ብላ በአማርኛ ታነባለች፤ አያቴ በጎን የራሷን ሰኞ ትቀጥላለች። ሁለቱ አይገጥሙም። እኔ ቡናውን አፈላለሁ።