ጀማሪው ሽጉጥ ሳይሆን ጥይት ይግዛ

በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ ወገኖቻችን የሚያዘወትሩት አንድ የዒላማ ተኩስ ክለብ ሰሞኑን ያሳለፈው ውሳኔ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከመጪው ወቅት ጀምሮ 5.6 ሚሊ ሜትር የምትወፍር ትንሽ ጥይት በሚተኩሰው የ.22 ሽጉጥ ሊግ የሚመዘገብ አዲስ ተኳሽ፣ አመራሩ «የውድድር ደረጃ» ብሎ ከዘረዘራቸው ሽጉጦች አንዱን ይዞ መምጣት አለበት። ዝርዝሩ ውስጥ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 41፣ ፓርዲኒ ኤስፒ፣ ዋልተርና መሰሎቻቸው አሉ። ሩገር ማርክ 4፣ ብራውኒንግ ባክ ማርክና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቪክትሪ ግን የሉም። የተሰጠው ምክንያት፣ ርካሽ ሽጉጥ ጥይት ስለሚበትን ጀማሪውን ተስፋ ያስቆርጠዋል የሚል ነው። ይህ ሐሰት ነው። ሐሰትነቱ ሳያንስ፣ ገና ማነጣጠር ያልተማረን ሰው በር ላይ ቆሞ ኪሱን መፈተሽ ነው።

ከሁሉ የደከመው ክርክር ይኸው የመበተን ክስ ስለሆነ እሱን እናንሳ። ሊጉ በሚመራበት የአሜሪካ ደንብ በ25 ያርድ የፍጥነት ተኩስም ሆነ በ50 ያርድ የዝግታ ተኩስ 10 ነጥብ የሚሰጠው የመሀል ክብ፣ የ10 ክብ፣ ስፋት 3.36 ኢንች ነው፤ 85 ሚሊ ሜትር ግድም። የዓለም አቀፉ የ25 ሜትር ዒላማ ጠበብ ይላል፤ የ10 ክቡ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 5.5 ኢንች ወፍራም አፈሙዝ ማርክ 4 በአሸዋ ከረጢት ላይ ተደግፎ፣ የሚስማማውን ጥይት ጎርሶ ሲተኮስ በ25 ያርድ አሥሩን ጥይት አንድ ኢንች ተኩል በሚያህል ስፋት ውስጥ ይሰበስባል። ይህ 38 ሚሊ ሜትር ነው። ከዓለም አቀፉ 10 ክብ እንኳ ይጠባል። ርቀቱ ወደ 50 ያርድ ሲያድግ ስፋቱ እጥፍ ቢሆን 3 ኢንች ይሆናል፤ አሁንም 10 ውስጥ ነው። ታዲያ ጥይቱን የበተነው ማን ነው?

በ50 ያርድ፣ በ10 ውስጥ ያለችው 1.695 ኢንች የምትሰፋ የውስጥ ክብ ስትቆጠር ፓርዲኒ እንደሚበልጥ አይካድም። ነገር ግን ያቺ ክብ የምታከራክረው እኩል ነጥብ ያመጡ አንጋፋ ተኳሾችን ነው። ስድስትና ሰባት ውስጥ የሚንከራተት ሰው ከእሷ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ አመራሩ ፈጽሞ ያላሰበበትም ይህንኑ ነው። በሽጉጥ ተኩስ ነጥብ የሚጠፋው በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል በሚፈጠር መዛነፍ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ220 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። 25 ሜትርን ለ220 ሚሊ ሜትር አካፍሉት፤ ወደ 114 ይመጣል። እንግዲህ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ከኋለኛው ቀዳዳ መሀል አንድ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ጥይቱ ዒላማው ላይ 114 ሚሊ ሜትር ይስታል። ከ10 ክብ መሀል እስከ ጠርዙ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ጥይቱ 5.6 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍርና መስመሩን ከነካ ስለሚቆጠርለት ወደ 28 ሚሊ ሜትር እንበለው። ይህን ለማጥፋት ሩብ ሚሊ ሜትር መዛነፍ ይበቃል፤ የሁለት ወረቀት ተኩል ውፍረት ማለት ነው። ክንድ ሲወዛወዝ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች እንደተገጣጠሙ ሽጉጡ በሙሉ አቅጣጫውን ሳይለውጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ቢሄድ ጥይቱም የሚሄደው አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ 10 አይጠፋም።

ጀማሪው ይህን ስለማያውቅ የሚታገለው ከማይጎዳው ጠላት ጋር ነው። ክንዱ እስኪረጋ ይጠብቃል፤ ዓይኑ ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ይነሳና ጥቁሩ ክብ ላይ ያርፋል፤ የረጋ በመሰለው ቅጽበት ቃታውን ነጠቅ ያደርገዋል። ቀኝ እጁ ከሆነ ጥይቱ ወደ ታችና ወደ ግራ ይወርዳል። ይህን ጥፋት ፓርዲኒ አያርመውም፤ ሞዴል 41ም አያርመውም። ብዙ ሺህ ዶላር ቢወጣበትም ጣቱ ያው ጣት፣ ዓይኑም ያው ዓይን ነው። የሚያርመው መድገም ነው፤ በአሰልጣኝ ዓይን ሥር፣ ወር ከወር፣ ዓይንን ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ሳይነቅሉ ቃታን ቀስ አድርጎ መሳብን መድገም። መድገም ደግሞ ጥይት ይፈልጋል፤ ጥይትም ገንዘብ ነው። አመራሩ ያን ገንዘብ ነው በመዝገቢያው ቀን ለሽጉጥ ሻጭ አስረክቡ የሚለው።

ሒሳቡን እንሥራው። በማርክ 4 ታርጌትና በፓርዲኒ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሲያንስ 1,500 ዶላር ነው። የመደበኛ ፍጥነት ጥይት አንዱ በ10 ሳንቲም ቢታሰብ 15,000 ጥይት ይገዛል። በሳምንት 150 ለሚተኩስ ሰው የሁለት ዓመት ገደማ ስንቅ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ባክ ማርክ ይዞ 15,000 የተኮሰውንና ፓርዲኒ ይዞ በየሳምንቱ አንድ ሳጥን እየቆጠበ የተኮሰውን ጎን ለጎን አቁሟቸው። ማን እንደሚያሸንፍ አልጠራጠርም።

ጥይቱም ቢሆን እንዲሁ አይገዛም፤ ብዙዎች ርካሹን ሽጉጥ የሚከሱት በጥይቱ ጥፋት ነው። እያንዳንዱ የ.22 አፈሙዝ የሚወደው ጥይት አለው። 40 ግሬን የሚመዝኑ፣ በሴኮንድ 1,070 ጫማ አካባቢ የሚጓዙ አራት አምስት ዓይነት የመደበኛ ፍጥነት ጥይቶችን አንዳንድ ሳጥን ግዙ። ሽጉጡን አስደግፉ። ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ስትዘዋወሩ የመጀመሪያዎቹን ከ10 እስከ 20 ጥይት አትቁጠሩ፤ የቀደመው ጥይት ሰም ተጠርጎ የአዲሱ አፈሙዙን እስኪለብሰው ድረስ ስፋቱ ያሳስታል። በመሀል አታጽዱ። ከዚያ በየዓይነቱ ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ተኩሳችሁ ለኩ። በአንድ ሽጉጥ ላይ በምርጡና በመጥፎው ጥይት መካከል የሚታየው ልዩነት ብዙ ጊዜ በርካሹና በውዱ ሽጉጥ መካከል ካለው ይበልጣል። የተሻለውን ስታገኙ በአንድ ዙር ከተመረተው፣ አንድ የምርት ቁጥር ካለው፣ በብዛት ግዙ።

አለመተኮስስ? ይህም በርካሹ ሽጉጥ ላይ የሚለጠፍ ሌላ ክስ ነው። የ.22 ጥይት ተቀጣጣይ ውህዱን የያዘው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው። ውህዱ ጠርዙን ዙሪያውን እኩል ካልሞላው ጥይቱን የሚመታው የሽጉጡ መርፌ ባዶው ቦታ ላይ ያርፍና ጥይቱ ይከሽፋል። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞራችሁ 30 ሴኮንድ ጠብቁ፣ አውጡት፣ ግማሽ ዙር አዙራችሁ መልሱት። ከተኮሰ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ በፓርዲኒም ያው ይሆን ነበር። ሳጥን ብትቀይሩም ክሽፈቱ ከቀጠለ የጥይት ማደሪያውን ተመልከቱ፤ እርሳስና ሰም ተጋግሮ ጥይቱ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግደዋል። ከነሐስ ብሩሽ ጋር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ርካሾቹ ሽጉጦች እንከን የለባቸውም አልልም፤ እንከናቸው ግን የታወቀና የሚጠገን ነው። የባክ ማርክ የኋላ ማነጣጠሪያ የተቀመጠበት መደብ በብሎን የታሰረ ስለሆነ በንዝረት ይላላል። ትናንት 10 ያገባ ሽጉጥ ዛሬ ያለ ምክንያት ከሳተ አፈሙዙን ከመርገም በፊት ብሩጎላ አንሡ፤ ብሎኑን አውጥታችሁ ቅባቱን ጠርጉና ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ አድርጋችሁ እሰሩት። በሩገር ማርክ ዘር ላይ የመርፌ ማቆሚያ የምትባል ትንሽ ዘንግ አለች። ሽጉጡ ተፈቶ ሲገጠም እሷ ከተረሳችና ያለ ጥይት ቃታ ከተሳበ መርፌው የጥይት ማደሪያውን ጠርዝ እየቀጠቀጠ ያበላሸዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥይት አይገባ፣ ቀለህ አይወጣ። ሁለተኛ እጅ የምትገዙ ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ ማርክ 4 እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቶ ከሰኔ 1 ቀን 2017 በፊት የተመረቱት ለጥገና ወደ ኩባንያው ተጠርተዋል፤ ሴፍቲው መሀል ላይ ቆሞ ቃታ ከተሳበ በኋላ ወደ ተኩስ ሲገፋ ሊተኩስ ስለሚችል። የሽጉጡን መለያ ቁጥር ከኩባንያው ሳታጣሩ አትክፈሉ። ከእሱ በፊት የነበሩት የማርክ ሽጉጦች ለመግጠም ትዕግሥት የሚፈታተኑ ናቸው፤ ማርክ 4 ግን ከኋላ አንድ አዝራር ተጭኖ ይከፈታል። ለጀማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የማይፈታ ሽጉጥ አይጸዳም።

እውነተኛው ልዩነት ቃታው ላይ ነው። የማርክ 4 ቃታ ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለት ኪሎ ግራም አካባቢ ይከብዳል፣ ከመልቀቁም በፊት ይንፏቀቃል። የውድ ሽጉጥ ቃታ በዓለም አቀፉ ደንብ ዝቅተኛው 1,000 ግራም ላይ ተስተካክሎ፣ የመጀመሪያውን ጉዞ ጨርሶ ቆም ካለ በኋላ እንደሚሰበር መስታወት በአንዴ ጥርት ብሎ ይለቃል። ይህን አየሁ ብሎ የሚደነቅ ሰው ልክ ነው። ግን የባክ ማርክ ቃታ ከፋብሪካው ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ለማርክ 4ም ሙሉ የቃታ ስብስብ በገበያ ላይ ሞልቷል፤ ከልዩነቱ ገንዘብ ጥቂቱን ብቻ ይወስዳል። ልምድ ያለው ጠጋኝ ይግጠመው እንጂ የቃታውን የውስጥ ብረቶች ገጽ በሞረድ መንካት አይገባም፤ የላላ የመዶሻ መያዣ አንዴ ቃታ ሲሳብ ሁለት ጥይት ሊለቅ ይችላል። የአሜሪካው ደንብ ለ.22 የሚጠይቀው ዝቅተኛ ክብደት 2 ፓውንድ ነው፤ ከዚያ በታች ያወረደ ከውድድሩ ይባረራል። ደግሞም በከባድ ቃታ 10 ማግባትን የለመደ ጣት ቀላሉን ሲያገኝ ይዘልላል። በቀላሉ የጀመረ ግን ከባዱን ሲይዝ ይሰበራል።

የቀረውን በርካሽ ማስተካከል ይቻላል። የሚያብረቀርቀውን ባለ ቀለም የፊት ማነጣጠሪያ አንሥታችሁ ጠፍጣፋ ጥቁር ግጠሙ፤ በወረቀት ዒላማ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ጠርዙ ስለማይለይ ያ ሩብ ሚሊ ሜትር አይታይም። እጀታው ካልሞላላችሁ የእንጨት ስቱኮ ለጥፋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ አስይዙት። ቤት ውስጥ ያለ ጥይት ለመለማመድ ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ብሎን ለማሰር ግድግዳ ውስጥ የምትገባዋን ትንሿን ቢጫ ፊሸር በጥይቱ ቦታ አግቡ፤ መርፌው የሚያርፈው ፕላስቲኩ ላይ ይሆናል። ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት በቀን 20 ደቂቃ የሚደረግ ይህ ልምምድ ምንም አያስከፍልም።

ውድ ሽጉጥ ዋጋውን ይዞ ይሸጣል የሚሉም አሉ። ይሸጣል፤ ገዢው እስኪገኝ፣ የተሰበረች ሞላም ከጣልያን እስክትመጣ ድረስ። ብዙዎቹ የውድድር ሽጉጦች ደግሞ ከፍተኛ ፍጥነት ያለው ጥይት አይስማማቸውም። ከሌላው ወገን በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ የብር ሜዳልያ ያገኘውን ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬችን እየጠሩ መሣሪያ ዋጋ የለውም የሚሉትም ተሳስተዋል። ዲኬች በእጁ የያዘው የውድድር የአየር ሽጉጥ ነበር፤ ያልነበረው ዓይን ላይ የሚደረደረው ጌጥ ነው። ከእሱ የሚወሰደው ብዙ ዓመት የተደገመ ልምምድ ነው።

ፓርዲኒ ቦታው የት እንደሆነ እናገራለሁ። በ8፣ በ6ና በ4 ሴኮንድ ውስጥ አምስት ዒላማ የሚመታበት የወንዶች ኦሊምፒክ የፍጥነት ተኩስ ላይ ለእጅ የቀረበው ዝቅተኛ አፈሙዝና መዳፍን የሚያቅፈው እጀታ በእርግጥ ይሠራሉ፤ ሽጉጡ ተመልሶ መስመሩ ላይ ያርፋል። በ60 ጥይት ከ600 ነጥብ 540 ማለፍ የጀመረ ሰውም እጁ ከሽጉጡ በልጧልና ይግዛ። ለጀማሪ ግን ያ እጀታ ራሱ እንቅፋት ነው። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ መጠን፣ ለቀኝ ወይም ለግራ ብቻ ተቀርጿል። አባት ለልጁ፣ እህት ለወንድሟ፣ ክለቡ ለአዲስ ገቢ ሊያውሰው አይችልም። ማርክ 4ና ባክ ማርክ ግን በአንድ ምሽት አምስት እጅ ላይ ይዞራሉ፤ በክለቡ ገንዘብ አራት ቢገዙ ሃያ ጀማሪ ያሠለጥናሉ።

አመራሩ የሽጉጦቹን ዝርዝር ይሰርዝና በቦታው ፍተሻ ያድርግ። ቃታው 2 ፓውንድ ክብደት ሳይለቅ ይሸከም፤ ሴፍቲው ሲበራና ሲጠፋ በባዶ ሽጉጥ ይታይ፤ ከዚያ ሽጉጡ በከረጢት ላይ ተደግፎ በ25 ያርድ አሥር ጥይት ሳይነክስ ይተኩስና ሁሉም 3.36 ኢንች ውስጥ ይግቡ። ያለፈ ሽጉጥ፣ በምንም ዋጋ ይገዛ፣ ሊጉ ውስጥ ይግባ።